በፓሪስ ቤትን ለቱሪስት ማከራየት

በፓሪስ የጥቂት ቀን ማረፊያ ቤት በኢንተርኔት ስትፈልጉ ማስታወቂያው ላይ አንድ ረጅም ቁጥር ታገኛላችሁ። ርዝመቱ 13 ቁምፊ (አሃዝ ወይም ፊደል) ነው። በ751 ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች ቤቱ ከከተማዋ 20 ወረዳዎች በየትኛው እንዳለ ያመለክታሉ። ቁጥሩን የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከዲሴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ያለዚህ ቁጥር ለቱሪስት ማከራየት ክልክል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩን ማውጣት ቀላል ነው፤ ፎርሙ በኢንተርኔት ይሞላል። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ደንቡ ብዙ አንቀጽ ቢኖረውም መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ቤት ሰው ይኖራል ወይስ አይኖርም?

ሰው የሚኖርበት ቤት በሕጉ «ዋና መኖሪያ» ይባላል። ባለቤቱ በዓመት ቢያንስ ስምንት ወር ሊኖርበት ይገባል። ለሥራ ወይም ለሕክምና ሌላ ቦታ መቆየት ግድ ከሆነበት ግን ይታለፍለታል። ከዓመቱ ስምንቱ ወር ሲነሳ አራት ወር ይቀራል፤ ዋና መኖሪያን ለቱሪስት ለማከራየት በመላ ፈረንሳይ የታወቀው የ120 ቀን ጣሪያ ከዚሁ ጋር የሚገጥም ነው። በ2024 መጨረሻ የወጣው ሕግ ግን ማዘጋጃ ቤቶች ጣሪያውን ወደ 90 ቀን ዝቅ እንዲያደርጉ ፈቀደ። ፓሪስ ጊዜ አላጠፋችም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዋና መኖሪያውን የሚያከራይ ሰው በዓመት ከ90 ሌሊት ማለፍ አይችልም። በሁለት ድረ ገጽ ቢያከራይም ሌሊቶቹ ይደመራሉ። ባለቤቱ እቤቱ እየኖረ አንዲት ክፍል ብቻ ቢያከራይ ግን ይህ ጣሪያ አይመለከተውም።

ቤቱ የራሱ ያልሆነ ሰውስ? ይህ ለወገኖቻችንም የሚጠቅም ነገር ነው። በፓሪስ ተከራይታ የምትኖር አንዲት እህት ለገና አገር ቤት ልትሄድ ነው እንበል። ቤቱ ወር ሙሉ ባዶ ከሚሆን ለቱሪስት ባከራየው ብላ ታስባለች። የተከራይ አከራይ ለመሆን ግን የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለባት። ፈቃዱን ብታገኝም እሷ ከምትከፍለው ኪራይ በላይ ማስከፈል አትችልም። ሳታስፈቅድ ካከራየችው የሰበሰበችው ገንዘብ ለባለቤቱ እንደሚገባ የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2019 ወስኗል። መንግሥት በድጎማ የሚያከራያቸው ቤቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ክልክል ነው፤ ቤቱን እስከ ማጣት ያደርሳል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ።

ሰው የማይኖርበት ቤት ላይ ስንመጣ የፓሪስ ደንብ ፊቱን ያጠቁራል። ሁለተኛ ቤት ያለው ወይም ለኪራይ ብሎ አፓርታማ የገዛ ሰው ለቱሪስት ማከራየት ከፈለገ የቤቱን አገልግሎት የመለወጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በከተማዋ ዓይን ያ ቤት መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ሆቴል ሆኗልና። ፈቃዱ ደግሞ በባዶ እጅ አይገኝም። ማካካሻ ይጠየቃል።

የማካካሻው አሠራር እንዲህ ነው። 40 ካሬ ሜትር መኖሪያ ከከተማዋ የቤት ክምችት ካወጣህ፣ ሱቅ ወይም ቢሮ የነበረ ቢያንስ 40 ካሬ ሜትር ቦታ ወደ መኖሪያ ቀይረህ ትመልሳለህ። እሱም በዚያው ወረዳ ውስጥ መሆን አለበት። መኖሪያ ቤት በጣም በሚፈለግባቸው ሰፈሮች እጥፍ ይጠየቃል። የቱሪስት ኪራይ ባጥለቀለቃቸው ቦታዎች ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ 40 ካሬ ሜትር ለማውጣት 120 ካሬ ሜትር መመለስ ማለት ነው። የሚቀየር ሱቅ የሌለው ሰው ቢሮውን ወደ መኖሪያ ከሚለውጥ ሌላ ባለንብረት መብቱን ይገዛል። ካሬ ሜትሩ እንደ ሸቀጥ የሚሸጥበት ገበያ አለው። አንድ ስቱዲዮ (ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ) ብቻ ያላቸው ብዙ ሰዎች ሒሳቡን ሲሠሩት አያዋጣቸውም፤ የሚተዉትም ለዚህ ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ እኔ ግን ከደንቡ ሁሉ በጣም አስተዋይ የምለው ይሄንን ነው። ማንንም አትሥራ አይልም፤ የወሰድከውን ቤት ለከተማዋ ተካ ነው የሚለው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን መጣ ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። ፓሪስ 105 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ጠባብ ከተማ ናት። ከጁላይ 2019 ጀምሮ የወር ኪራይ ላይ የዋጋ ጣሪያ አለ። የሌሊት ኪራይ ላይ ግን ጣሪያ የለም። አከራዩ ሁለቱን ሲያወዳድር ወደ ቱሪስቱ ቢያዘነብል አይገርምም። ማሬን በመሰሉ ሰፈሮች የደረጃው ጎረቤት በየሦስት ቀኑ ይቀያየራል። ሻንጣ ሌሊት ሲንኳኳ ይታደራል። ቤት ያጣው ነርስ ወይም ተማሪ ከከተማው ወጥቶ በባቡር ይመላለሳል። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ለእኔ ከአከራዩ ትርፍ ይበልጥብኛል።

አከራዮች በበኩላቸው ዝም አላሉም። ደንቡ በአውሮፓ ሕብረት የተረጋገጠውን አገልግሎት የመስጠት ነፃነት ይጥሳል ብለው ተከራከሩ። በፓሪስ ስቱዲዮ የነበረው ካሊ አፓርትመንትስ የተባለ ድርጅት ክርክሩን እስከ ሉክሰምበርግ አደረሰው። የሕብረቱ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 22 ቀን 2020 ለከተማዋ ፈረደ። የረጅም ጊዜ ኪራይ ቤት እጥረትን መዋጋት ለሕዝብ ጥቅም በቂ ምክንያት ነው አለ። በፌብሩዋሪ 2021 የፈረንሳይ ሰበር ሰሚም ይህንኑ ተከተለ። በዚያ ምክንያት ቆመው የነበሩ ብዙ ክሶች ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ድረ ገጾቹም አላመለጡም። በጁላይ 2021 የፓሪስ ፍርድ ቤት የምዝገባ ቁጥር የሌላቸውን ከ1,000 በላይ ማስታወቂያዎች ይዞ ቆይቷል በማለት የማረፊያ ቤት ኪራይ ድረ ገጽ የሆነውን ኤርቢኤንቢን ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው።

በ2024 የወጣው ሕግ በሰው አፍ «የለ ሜር ሕግ» ይባላል፤ ረቂቁን ካቀረቡት ሁለት የፓርላማ አባላት በአንዷ በአናይግ ለ ሜር ስም ነው። ሁለተኛው ኢናኪ ኤቻኒዝ ነው። ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ሆነው ለአንድ ነገር መቆማቸው ደስ ይላል። ሕጉ ቅጣቱን አከበደው። ያለ ፈቃድ የመኖሪያ ቤትን አገልግሎት የለወጠ ሰው እስከ 50,000 ዩሮ ይቀጣ የነበረው አሁን እስከ 100,000 ዩሮ ነው። ቤቱን ወደ መኖሪያነት እስኪመልስ ድረስም በየቀኑ በካሬ ሜትር እስከ 1,000 ዩሮ ሊቆጠርበት ይችላል። ሳይመዘገብ ያከራየ እስከ 10,000፣ በሐሰተኛ ቁጥር የተጠቀመ እስከ 20,000 ዩሮ ይከፍላል። የቀን ጣሪያውን ያለፈ ደግሞ እስከ 15,000። አገልግሎት በመለወጥ የሚጣለው ቅጣት የሚገባው ለማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ነው። ደረጃ ያልተሰጠው የቱሪስት ቤት ያገኝ የነበረው የግብር ቅናሽም ከ50 በመቶ ወደ 30 በመቶ ወርዷል። አዲስ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የቤቱ የኃይል አጠቃቀም ደረጃ ደህና መሆኑን ማሳየት አለበት። ብርድ የሚያስገባ ቤት ለነዋሪ አይከራይም ተብሎ ለቱሪስት የሚሰጥበት ቀዳዳ በዚህ ተዘጋ።

ቱሪስቱ ራሱ ብዙ የሚያስፈራው ነገር የለም። ቁጥር የሌለው ቤት ቢያርፍ የሚቀጣው አከራዩና ድረ ገጹ ነው። እሱ የሚከፍለው በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የማረፊያ ግብር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጹ ከሒሳቡ ጋር ደምሮ ይሰበስበዋል። ከ2024 ጀምሮ ለፓሪስና ለአካባቢዋ የሕዝብ ትራንስፖርት የሚውል ጭማሪ ስለታከለበት ሒሳቡ ከፍ ብሏል።

አዲሱ ሕግ ለጎረቤቶችም ሥልጣን ሰጥቷል። ቀድሞ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የቱሪስት ኪራይን ለማገድ የሁሉም ባለቤቶች ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አንድ ሰው እምቢ ካለ ያበቃል። አሁን የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ንግድን የሚከለክል ከሆነ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማገድ ይቻላል። እገዳው ዋና መኖሪያውን ለጥቂት ሳምንት የሚያከራየውን ጎረቤት አይነካም፤ ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች ብቻ ነው።