የውሻ ጥሬ ሥጋ አመጋገብ ምንድን ነው? ለጎንደር ኪስስ ይሆናል?

ሥጋ፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ሳይበስል፣ በልክ ተመጥኖ ለውሻ የሚሰጥበት አመጋገብ ነው። ባጭሩ ይኼው ነው። ቲክቶክ ላይ አይታችሁት ይሆናል፦ ሳህን ላይ ቀይ ሥጋ፣ የዶሮ እግር፣ ቁራጭ ጉበት፣ ከላይ አንድ ጥሬ እንቁላል። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ይጠብቃል።

ፈረንጆቹ ባርፍ ይሉታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ኢያን ቢሊንግኸርስት የሚባል አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ክርክሩ ቀላል ነው። ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ ተኩላ የፋብሪካ ብስኩት አይበላም፤ ስለዚህ ውሻም እንደ ዘሩ ይብላ።

ግማሹ እውነት ነው። ውሻ ሥጋ ይወዳል፣ ሥጋም ይስማማዋል። ግማሹ ላይ ግን እኔ አልስማማም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ውሻ ከተኩላ የሚለይበት አንዱ ነገር በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጭ ዘረመል በብዛት መያዙ ነው። ከሰው ጋር ሲኖር የሰው ትራፊ መብላት ለምዷል ማለት ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ እየበላ ግቢ ሲጠብቅ የሚያረጀውን የአበሻ ውሻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙም አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ልኩ እንምጣ። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ስሌት ሰማንያ፣ አሥር፣ አሥር ነው። ሰማንያ በመቶ ሥጋ፣ አሥር በመቶ አጥንት፣ አሥር በመቶ የሆድ ዕቃ፤ ከዚህ ከመጨረሻው ግማሹ ጉበት ይሆናል። ያደገ ውሻ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይበላል። ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ብቻን መመዘንና መቀነስ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ኋላ ይመዝናሉ።

ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ አለን እንበል። በሁለት ተኩል በመቶ ሲሰላ በቀን ግማሽ ኪሎ ነው። ከዚህ 400 ግራም ሥጋ፣ 50 ግራም አጥንት፣ 25 ግራም ጉበት፣ 25 ግራም ጣፊያ ወይም ኩላሊት። በወር 15 ኪሎ ይመጣል። ከአንድ መካከለኛ በግ ከሚወጣው ሥጋ ይበልጣል! ዛሬ የሥጋ ዋጋ አይቀመስም። ለልጆቹ በዓል ሲመጣ ብቻ ሥጋ የሚገዛ አባወራ ለውሻው በወር አንድ በግ ይረድ ማለት ቀልድ ነው።

ስለዚህ ለኪስ የሚሆን ሲባል እኛ ጋ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሰው የማይበላው። እዚህ ጋ ነገሩ ከውጭው ይለያል። ውጭ አገር ርካሽ የሚባለው የዶሮ ጀርባ፣ ጨጓራ፣ ጉበት ነው። እኛ ጨጓራና ጉበት ዱለት እናደርገዋለን፤ ለውሻ አይተርፍም። ሉካንዳ ሄዳችሁ «ለውሻ የሚሆን» ብትሉ የሚቀርብላችሁ ሳንባ፣ ጉሮሮ፣ ጅማት፣ ሞራ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ጣፊያ ነው። ከሁሉም ብዙውና ርካሹ ሳንባ ነው። ቅርጫ ሲታረድም ሳንባው ተቆርጦ የሚወረወረው እዚያው አካባቢ ተሰብስበው ለሚጠብቁት ውሾች ነው።

የጥሬ አመጋገብ ትልቁ ችግር እኛ ጋ ያለው ልክ እዚህ ሳንባ ላይ ነው።

ሳንባውን ወይም ጉበቱን አገላብጣችሁ ስታዩ ነጣ ያለ፣ የተወጠረ እብጠት ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። አንዳንዱ የሽምብራ ፍሬ ያክላል፣ አንዳንዱ ሎሚ። ቢላ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠቃል፤ ውስጡ ነጭ ስስ ሽፋን አለው። ይህ የኢኪኖኮከስ የሚባል ትል ከረጢት ነው፤ በሽታው ሃይዳቲድ ይባላል። በአገራችን ቄራዎች በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ በተደጋጋሚ የሚገኝ ነገር ነው። መርማሪ ሲያገኘው ያስወግደዋል። ግቢ ውስጥ ሲታረድ ግን መርማሪ የለም፤ ሳንባው በቀጥታ ወደ ውሻ ይሄዳል።

ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ትሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፣ ይጫወታል። እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከሱ ወደ እጃችን፣ ወደ ጓሮ ጎመኑ፣ ወደ ልጁ አፍ ይሄዳል። ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው፤ ሕክምናውም ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። ውሻው በበላው ሰው ይታመማል።

«እኛስ ጥሬ ሥጋ እንበላ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፒያሳ ሉካንዳ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርጥ በአዋዜ የሚያነሳ ሰው ለውሻው ጥሬ አትስጥ ሲባል ግራ ይገባዋል። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው ቁርጥ የሚበላው ከሻኛና ከታፋ እንጂ ከሳንባ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከቁርጥ የሚመጣው ኮሶ የሰው ትል ነው፤ ውሻ ሆድ ውስጥ አያድግም። ከሳንባው የሚመጣው ግን ውሻውን ተሻግሮ ሰውን የሚይዝ ነው። ሰውየው ለራሱ ቁርጥ ሲበላ የሚጎዳው ራሱን ነው። ለውሻው ጥሬ ሳንባ ሲሰጥ ግን የጎረቤት ልጅም አለበት።

ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ አዙሪትን ታውቃላችሁ። በጉ አንገቱን አጣሞ አንድ ቦታ ሲዞር፣ ሲዞር የሚውልበት በሽታ። እሱም የውሻ ትል ነው፤ እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በበጉ አንጎል ውስጥ ከረጢት ይሠራል። አዙሪት የያዘው በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፣ ውሻው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ሌላው በግ ሣሩን ይግጣል። አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚቀጥለው።

እንግዲህ የኔ አቋም ግልጽ ነው። በጎንደር ኪስ የሚቻለው የሥጋ አመጋገብ የተቀቀለው ነው። ጥሬው የሚሠራው ሁለት ነገር ባለበት ነው፦ የተመረመረ ሥጋና የማይጠፋ ፍሪዘር። ሥጋን በ-18 ዲግሪ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ማቆየት ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እጭ ይገድላል። መብራት በየጊዜው እየሄደ ሲመጣ ግን ፍሪዘሩ ምን ያህል ዲግሪ ላይ እንደነበረ ማን ያውቃል? ደግሞ ቅዝቃዜ ትሉን ቢገድል እንደ ሳልሞኔላ ያሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን አይገድልም፤ ያደነዝዛቸዋል እንጂ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያልበሰለ ሥጋ ለውሻና ለድመት መስጠትን እንደማይደግፍ ያወጀውም በዋናነት በእነዚህ ተህዋስያን ምክንያት ነው።

አቀቃቀሉ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳንባ አየር ስለያዘ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሙሉውን ብትከቱት ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ጥሬውን ይቀራል። በትንንሹ ቆራርጡት፣ ድስቱን ክደኑት፣ በመሀል አማስሉት። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትጨምሩ ከሰል ባከነ አልልም። ለውሻ የተለየ አሮጌ ድስት፣ የተለየ ቢላና መክተፊያ ይኑራችሁ። ከጥሬው በኋላ እጅ በሳሙና። ከረጢት ያለበትን ቁራጭ ግን አትቀቅሉ አልልም፤ በደንብ ከተቀቀለ እጩ ይሞታል። እኔ ብሆን ግን አቃጥለዋለሁ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት እቀብረዋለሁ።

ሳንባ ብቻውን ምግብ አይሆንም። ስቡ ትንሽ ስለሆነ ውሻው ይከሳል። የፎገራ ሩዝ ስብርባሪው ርካሽ ነው፤ እሱን ከሳንባው መረቅ ጋር መቀቀል ነው። ሃያ ኪሎ ለሚመዝነው ውሻችን በቀን 300 ግራም ያህል ሳንባና ቁርጥራጭ፣ አንድ ትልቅ ኩባያ ሩዝ፣ ትንሽ ሞራ፣ ካለ ካሮት ወይም ዱባ። በሳምንት ሁለት ቀን እንቁላል፣ በሳምንት ሁለቴ አንድ ቁራጭ ጉበት። ጉበት ጥሩ ነው ተብሎ በየቀኑ በብዛት አይሰጥም፤ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ ይጎዳዋል። ጨው አያስፈልግም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፤ ካልሲየም። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶበታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። በሥጋና በሩዝ ብቻ ያደገ ቡችላ አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ትንሽ ዘሎ ይሰበራል። ባለቤቱ ደግሞ «ሥጋ እየበላ!» ብሎ ይገረማል። መፍትሔው ቆሻሻ ውስጥ የምንጥለው የእንቁላል ቅርፊት ነው። አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት መውቀጥ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ አንድ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ለዚህ ውሻ ለቀኑ ይበቃል። ለቡችላ መጠኑ ስለሚለይ ሐኪም ይወስነው።

ስለ አጥንት ሁለት ቃል። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለታም ስለሚሆን አንጀት ይወጋል። ጥሬው ይለሰልሳል፤ ትልቁ የበሬ ቅልጥም ግን ጥሬም ሆኖ ጥርስ ይሰብራል። ከዶሮ ወጥ የተረፈ አጥንት ከሁሉ የከፋው ነው። አጥንቱ በስሏል፣ በርበሬ አለበት፣ ቁሌቱ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ሲበዛ ደም ማነስ ያመጣል። ወጥ የነካውን እንጀራ ከመስጠት ደረቁን መስጠት ይሻላል።

በክት ግን በምንም ዓይነት አይሰጥም። ሳይታረድ የሞተ ከብት ለውሻ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። በድንገት የሞተ፣ ከአፍና ከአፍንጫው ያልረጋ ደም የወጣው ከብት ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ተህዋስ ዘር መቀቀልን ይቋቋማል። ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ ቢላውን ይዞ የሚገፈው ሰውዬ ነው።

ውሻችሁ እስካሁን ጥሬ ሳንባ ሲበላ ከኖረ አትደናገጡ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ይህን ትል የሚገድል መድኃኒት አለ፤ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ክብደቱን ተናግራችሁ ትወስዳላችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው በዚህ በኩል ከብዙ ከተሞች እንሻላለን። ግቢውን ለቆ የሚዞር ውሻ ከሆነ ሌላ ቦታ ምን እንደሚበላ አይታወቅምና በየስድስት ሳምንቱ መድገም ነው። መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ የሚያወጣውን ዓይነ ምድር ለጥቂት ቀን በጓንት ሰብስባችሁ ቅበሩት። እግረ መንገዳችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ጠይቁ።

የሚቀረው ጾሙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ሉካንዳው ይዘጋል፤ የሙስሊም ሥጋ ቤት የማትገዙ ከሆነ ሳንባም የለም። አንዳንድ ቤት ደግሞ ድስቱም ከግቢው እንዲገባ አይፈለግም፤ እናቶች በዚህ አይደራደሩም። ከቅበላ በፊት ሳንባውን ቀቅሎ፣ በስሱ ቆርጦ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ እንደ ቋንጣ ማድረቅ አንዱ መንገድ ነው። ድርቅ ካለና እርጥበት ካልነካው ይቆያል። በጾም ገዢው ስለሚቀንስ እንቁላልም ይረክሳል። ከጎርጎራ በኩል የሚመጣ የጣና አሳ ካገኛችሁ ደግሞ ነጋዴው ጭንቅላቱን በርካሽ ይሰጣችኋል፤ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ፣ ከሩዙ ጋር ነው። ሽታውን ግን ቻሉት።