ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ ማለት ማይሎማው ተመለሰ ማለት አይደለም

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ መልቲፕል ማይሎማ ምርመራ የማይሰማው ነገር የለም። አብዛኛው ስህተት በሁለት ቃል ይታረማል። አንዱ ግን ታክቶኛል። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሲቢሲዬ ደህና ነው፣ ስለዚህ የለብኝም።» ሲቢሲ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን፣ ፕላትሌትንም ይቆጥራል። ማይሎማ ደግሞ የፕላዝማ ሴሎች (ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ሴሎች) ካንሰር ነው፤ እነሱ በአብዛኛው መቅኔ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ሂሞግሎቢን ከወረደ ፍንጭ ይሰጣል፤ ካልወረደ ግን ነፃ አያወጣም።

«ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን የለም ተብያለሁ።» ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት በዋናነት የሚያየው አልቡሚንን ነው። የማይሎማው ላይት ቼይን (የፀረ እንግዳ አካል ትንሹ ቁራጭ) ሳይታይ ሊያልፈው ይችላል።

«ኤሌክትሮፎሬሲሱ ንጹህ ከሆነ አለቀ።» ኤሌክትሮፎሬሲስ የደም ፕሮቲኖችን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ነው። አላለቀም። ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ላይት ቼይን ብቻ ነው የሚያመነጩት። ስለዚህ ኢሚዩኖፊክሴሽን (የፕሮቲኑን ዓይነት የሚለይ ምርመራ) እና የደም ፍሪ ላይት ቼይን (ብቻውን የሚንሳፈፈውን ላይት ቼይን የሚለካ) አብረው መታዘዝ አለባቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ ደም ውስጥ የሚለካ ነገር ጭራሽ አይለቁም፤ እነሱን በመቅኔ ናሙናና በምስል ነው የምንከታተላቸው።

«ኤም ፕሮቲን ተገኘብኝ፣ አለቀልኝ።» ተረጋጉ። ኤም ፕሮቲን ማለት ከአንድ ሴል የተባዙ ፕላዝማ ሴሎች የሚያመርቱት አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆነ 100 ሰዎች 3 ያህሉ ትንሽ ኤም ፕሮቲን ይኖራቸዋል፣ ማይሎማ ግን የለባቸውም። በዓመት ወደ በሽታ የሚሻገሩት ከመቶ አንድ ያህል ናቸው። ክትትል ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው። «ካለፈው ጊዜ ከፍ ብሏል፣ ተመልሷል ማለት ነው።»

አንድ ልጅ ስለ እናቱ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ 25 በመቶ ጨምሯል» አለኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባላል።) ኤም ፕሮቲኑ ከ0.4 ወደ 0.5 ግራም በዴሲ ሊትር ሄዷል። ስሌቱ ልክ ነው። ኢንተርኔት ላይም «25 በመቶ ከጨመረ ተመልሷል» የሚለውን አግኝቶታል። ቀጥሎ ያለውን ግማሽ ግን አላነበበም፤ ጭማሪው ራሱ ቢያንስ 0.5 ግራም መሆን አለበት፣ ያውም ከዝቅተኛው ውጤት ተነስቶ፣ በሁለተኛ ምርመራም ተረጋግጦ። የእናቱ ጭማሪ 0.1 ነበር። እንዲህ ያለ ልዩነት ማሽኑም፣ ውጤቱን የሚያነበው ሰውም ሊያመጣው ይችላል። ለካ ደሙን የሰጡት ሌላ ላብራቶሪ ነው! በቀድሞው ቦታ ሲደገም 0.4 ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ግን ቤተሰቡ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል።

ፍሪ ላይት ቼይን ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ኢንፌክሽን ሲኖር ወይም ኩላሊት ሲደክም ሁለቱ የላይት ቼይን ዓይነቶች፣ ካፓም ላምዳም፣ አብረው ይጨምራሉ። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ነጥሎ ማንበብ አይሠራም፤ የሁለቱ ጥምርታ ይታያል። የተለመደው ከ0.26 እስከ 1.65 ነው፤ ኩላሊት ሲደክም እስከ 3.1 ድረስ ሊፈቀድ ይችላል። ጉንፋን ይዟችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

የፍጥነት ጉዳይም አለ። ላይት ቼይን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጸዳል። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን ግማሹ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መድኃኒት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት «ለምን አልወረደም?» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ከሌላ ታማሚ ጋር ቁጥር ማወዳደርም ይቅር። የአንዱ ኤም ፕሮቲን 4፣ የሌላው 1 ሆኖ ባለ 1ዱ የባሰ የአጥንትና የኩላሊት ጉዳት ሊኖረው ይችላል።

ይህን ስል ቁጥሩን ናቁት ማለቴ አይደለም። በተከታታይ ምርመራዎች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነገር፣ የካልሲየም ወይም የክሬያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) መጨመር፣ አዲስ የአጥንት ሕመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ኤም ፕሮቲኑ ሳይነቃነቅ ላይት ቼይኑ ብቻውን የሚያሻቅብበት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምንለካው።

እባካችሁ፣ ከተቻለ ሁሌም አንድ ላብራቶሪ ተመላለሱ። ውጤቱን ከነቀኑ በአንድ ደብተር ያዙ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ለላብራቶሪው ተናገሩ፤ በተለይ ዳራቱሙማብ ከሆነ። እሱ ራሱ አይጂጂ ካፓ ስለሆነ ኢሚዩኖፊክሴሽን ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ብቅ ይላል፣ ማይሎማውም ያልጠፋ ያስመስላል። ደም መውሰድ ሲያስፈልጋችሁም የደም ማዛመጃ ምርመራውን ያዛባል። ስለዚህ የደም ዓይነታችሁ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በዝርዝር ይመርመር፤ ለደም ባንኩም ይነገር።