ስኪዞፍሬኒያ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት ካልጠፋ፣ ማታ ማታ እኛ ቤት ድራማ ይታያል። ሰሞኑን የያዘን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 16 ክፍል ያለው የኮሪያ የፍቅር ድራማ ነው። ታዋቂ ደራሲና የአእምሮ ሐኪም ይዋደዳሉ። (ካላያችሁት የሚቀጥለውን ዝለሉት።) ደራሲውን የሚከተለውን ልጅ ከእሱ በቀር ማንም አያየውም። ልጁ ባዶ እግሩን ነው። ይሄን ልብ ያልነው በኋላ ነው። ሁላችንም ጭጭ ስንል ጎረቤታችን እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ይሄማ ዛር ነው፤ ጸበል ይውሰዱት እንጂ!» አሉ።

ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል። አእምሮ ራሱ ያፈለቀውን ከውጭ ከመጣው መለየት ሲያቅተው ነው። ሰው የሌለበት ድምፅ ይሰማል። «እየተከታተሉኝ ነው»፣ «ሊመርዙኝ ነው» የሚል፣ ቢያስረዱት የማይለቅ እምነት ይይዛል። እንደ ድራማው ቁልጭ ያለ ሰው ማየት ግን ያን ያህል አይበዛም፤ የሚበዛው ድምፅ መስማቱ ነው።

ከቤተሰብ ዓይን የሚያመልጠው ዝምታው ነው። ታማሚው ከሰው ይሸሻል። ገላውን መታጠብ ይተዋል። ፊቱ ላይ ደስታም ኀዘንም አይነበብም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በ20ዎቹ ዕድሜ ስለሆነ «ሰነፈ»፣ «ትምህርቱ ከበደው» ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለትም አይደለም። ስህተቱ ከስሙ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1908 ከግሪክኛ ያወጣለት ስም «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደማለት ነው። ኮሪያውያንም እንዲሁ ይሉት ነበር። ሕመምተኛውን የሚያሸማቅቅ ሆኖ ስላገኙት እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጡት። አዲሱ ስም የባለ አውታር መሣሪያን መቃኘት ማለት ነው። እኔ ክራር ትዝ አለኝ። ጅማቱ ሲላላ ቅኝቱ ይጠፋል፤ ክራሩ ግን አልተሰበረም። እኛ ደግሞ «ጨርቁን ጣለ» እንላለን!

መልሶ የሚቃኘው በዋናነት መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሰውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያበርዳል። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ይመልሰዋል። ድራማውን የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ፍቅር ብቻውን አዳነው አይልም። ሰውዬው ሆስፒታል ይገባል፣ ኪኒን ይውጣል፣ እሷም ትጠብቀዋለች።

ይሄን ሁሉ ለእማማ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ኪኒኑን በጸበል ይዋጠው» አሉኝ።