«ኮዱ ኤክስፓየር አደረገብኝ» አትበሉኝ

ሐምሌ ሲገባ ሱቄ በተመራቂ ይሞላል። ሲቪ የሚያትም፣ ፖርትፎሊዮ የሚያስጠርዝ፣ የዲግሪ ኮፒ የሚያነሳ። የምሠራው አምስት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የኅትመትና ዲዛይን ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር ያስጨምራል፤ ጥግ ላይ ኪውአር ኮድ፣ በስልክ ካሜራ ሲነበብ ሥራዎቻቸው ያሉበትን ገጽ የሚከፍት። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ያሰለቸኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጥተው የሚሉኝ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ኮዱ ኤክስፓየር አደረገብኝ፤ አዲስ ይሥሩልኝ።»

አያደርግም። ኪውአር ኮድ እንደ ወተት የሚበላሽበት ቀን የለውም። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ኮዱ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እኛ በፊደል የምንጽፈውን እሱ በጥቁርና በነጭ ካሬዎች ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ የሚባለው የመኪና ዕቃ አምራች ነው ያወጣው። ማሳሂሮ ሃራ የሚባል መሐንዲስ የመራው ሥራ ነበር። ዓላማቸው የመኪና መለዋወጫዎችን በፍጥነት መለየትና መከታተል ነበር፤ የሥራ ማመልከቻ በሐሳባቸውም አልነበረም። ድርጅቱ ፓተንቱን ቢይዝም ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ስለዚህ ኮዱን በማተማችሁ ኪራይ የሚጠይቃችሁ ባለቤት የለም። ወረቀቱ ላይ ያረፈ ቀለም ነው። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ይነበባል።

ካላመናችሁኝ የስልካችሁን ዳታም ዋይፋይም አጥፉና ካሜራውን ኮዱ ላይ ደቅኑት። አድራሻው ብቅ ይላል። ገጹ አይከፈትም እንጂ ኮዱ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ታዲያ ምንድን ነው የሞተው? መሃል ላይ የቆመው ደላላ ነው።

ጉግል ላይ «ነጻ ኪውአር ኮድ» ብላችሁ ስትፈልጉ ፊት ለፊት ከሚመጡት ድረ ገጾች ብዙዎቹ የእናንተን አድራሻ ኮዱ ውስጥ አይጽፉም። የራሳቸውን አጭር አድራሻ ይጽፋሉ። የሚያነበው ሰው መጀመሪያ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ደግሞ ወደ እናንተ ያሳልፉታል። ለጥቂት ቀናት በነጻ ያሳልፋሉ። ከዚያ «ክፈሉ» ይላሉ። ካልከፈላችሁ ማሳለፉን ያቆማሉ። እንግዳን «ሱቁ ጋ ስትደርስ ጠይቅ፣ ቤቴን ያሳዩሃል» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ሱቁ ቢዘጋ ቤታችሁ አልፈረሰም። እንግዳው ግን አይደርስም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአርክቴክቸር ተመራቂ 40 ቅጂ በከለር አሳተመች። ቀላል ብር አይደለም። ኮዱን ራሷ ሠርታ በፍላሽ ነው ያመጣችው፤ እኔም ዝም ብዬ አተምኩት። ጥፋቱ የኔም ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ከጠያቂዎቹ አንዱ እፊቷ ስካን ሲያደርግ በእንግሊዝኛ «ይህ ኮድ አገልግሎቱ ተቋርጧል» የሚል ገጽና የዋጋ ዝርዝር ወጣ። ልጅቷ ኮዱን ከሠራች ገና አንድ ወሯ ነው። እዚያው እከፍላለሁ ብትል እንኳ ዋጋው በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የሚቆርጥ ካርድ ከየት ታምጣ? ሱቄ መጥታ ስትነግረኝ እንባዋ አይኗ ላይ ነበር። እኔም ያው ያስለመዱኝን ቃል ሰማሁ። «ኤክስፓየር አደረገ።» ያልተበተኑት ቅጂዎች ላይ አዲስ ኮድ በስቲከር አትመን ለጠፍንባቸው። የተበተኑት ግን ተበትነዋል።

መለየቱ ቀላል ነው። ስካን አድርጉና ከመክፈታችሁ በፊት ስልኩ የሚያሳያችሁን አድራሻ አንብቡ። የራሳችሁ ገጽ ወይም ሥራችሁን ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጣችሁበት ፎልደር አድራሻ ከሆነ ደህና ናችሁ። የማታውቁት አጭር ስም ከሆነ ደላላ አለ። ያለ ደላላ ለመሥራት ደግሞ የግድ ባለሙያ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ በክሮም ገጻችሁን ክፈቱና ከማጋሪያው ዝርዝር ውስጥ ኪውአር ኮድ ፍጠር የሚለውን ምረጡ። መሃሉ ላይ ትንሽ ዳይኖሰር የተቀመጠችበት ኮድ ይሰጣችኋል። በቃ። አድራሻው በቀጥታ ውስጡ ነው።

«ግን ደላላ ያለው ኮድ ይሻላል፣ ከታተመ በኋላም የሚወስድበትን ቦታ መቀየር ይቻላል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ እየከፈለ ለሚቀጥል ድርጅት ይጠቅማል። ሥራ ፈላጊ ግን ያንኑ ጥቅም በነጻ ያገኛል። ኮዱ ወደ አንድ ፎልደር ይውሰድ፤ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ሥራዎች እንደፈለጋችሁ ቀያይሩ። የፎልደሩ አድራሻ አይቀየርም።

ፎልደር ካልኩ አይቀር፣ «ለእኔ እኮ ይከፍታል!» የሚለውም አለ። ለአንተማ ይከፍታል። ባለቤቱ ነህ። ጉግል ድራይቭ ላይ የምታስቀምጡት ነገር ሁሉ ሲጀመር ለእናንተ ብቻ የተፈቀደ ነው። አድራሻው ያለው ሁሉ እንዲያይ ካልፈቀዳችሁ ቀጣሪው «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ነው የሚገጥመው። ጠይቆ አይጠብቃችሁም። ሌላ ፋይል ያነሳል። ስለዚህ ከማሳተማችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። እኔ አሁን ደንበኛ ሁሉ በእኔ ስልክ ካልሞከረ ማሽኑን አልነካም። ሲነጫነጩብኝ ልማዴ ሆኗል። ደግሞ ፎልደሩን በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አትክፈቱት፤ ያ ኢሜይል ከምርቃት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ማንም እንዲያየው የተከፈተ ፎልደር ውስጥ ደግሞ የፋይዳ መታወቂያና የዲግሪ ኮፒ አይቀመጥም። ወረቀታችሁ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር አታውቁም።

«ኮዱ ካለ ሥራዬን ወረቀት ላይ ማብዛት አያስፈልገኝም።» ተሳስታችኋል። ማመልከቻ የሚያጣራ ሰው ፊት የሚከመረውን ወረቀት አስቡት። ሁሉንም ስካን የሚያደርግበት ጊዜ የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ከማያውቀው ወረቀት ላይ ያለ ኮድ መክፈት ይፈራል። ደግ አደረገ፤ በኮድ የሚያጭበረብሩ አሉ። ዋና ዋናዎቹን ሦስት አራት ሥራዎች አትሙ። ኮዱ «ተጨማሪ ካሻዎት» ለሚለው ነው። ከሥሩ ምን እንደሚከፍት በአንድ መስመር ጻፉ፤ አድራሻውንም በፊደል አስቀምጡ። ባዶ ኮድ ብቻውን በር ላይ ቆሞ ስሙን እንደማይናገር ሰው ነው።

«ኮድ ማድረግ ዘመናዊ ያስመስለኛል።» በቴሌብር ማኪያቶ የሚከፈልበት ከተማ ውስጥ? ማንም አይደነቅም።

«ሁሉንም ኮዱ ውስጥ ክተትልኝ፣ ፎቶዎቹንም።» አይገቡም። ትልቁ ኪውአር ኮድ የሚይዘው 2,953 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። በአማርኛ አንድ ሺህ ፊደል እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ፎቶማ የማይታሰብ ነው። ኮዱ ጎተራ አይደለም፣ ወደ ጎተራው የሚያመለክት ጣት ነው።

«መሃሉ ላይ ፎቶዬን ብታደርግበት ይበላሻል?» ትንሽ ከሆነ አይበላሽም። ኮዱ የጎደለውን ራሱ እንዲሞላ ተደርጎ ነው የተሠራ፤ በከፍተኛው ደረጃ ሲዘጋጅ 30 በመቶ ገደማ ቢጎድልም ይነበባል። ሦስቱን የጥግ ካሬዎች ግን አትንኩ። ካሜራው ኮዱን የሚያገኘው በእነሱ ነው።

ነጭ ኮድ በጥቁር መደብ ላይ ያምራል ትላላችሁ። አንዳንድ ስልክ አያነበውም። ጥቁሩ ኮዱ፣ ነጩ መደቡ ይሁን። ዙሪያውን ያለውን ባዶ ነጭ ቦታም በጽሑፍ አትሙሉት። ላሚኔት ደግሞ ያንጸባርቃል፤ ኮዱ ያለበትን ገጽ አታስለብሱት።

አሁን የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ፒዲኤፍ አዘጋጅተው በቴሌግራም ይልካሉ፣ ውስጡ ኪውአር ኮድ አለ። ቀጣሪው ፋይሉን የሚያነበው በስልኩ ነው። ስካን የሚያደርገው በምን ሊሆን ነው? ስልኩን በስልኩ? ስክሪንሾት አንስቶ በሌላ መተግበሪያ መክፈት ይቻላል፣ ግን ማን ይደክማል። በስልክ ለሚነበብ ፋይል የሚነካ ሊንክ አድርጉ። ማመልከቻን በኮምፒውተር የሚያጣሩ ሶፍትዌሮችም ቢሆኑ የሚፈልጉት ጽሑፍ ነው፤ ኮዱን የሚያዩት እንደ ተራ ሥዕል ነው። ኮድ ለወረቀት፣ ሊንክ ለስክሪን። ለሁለቱም የተለያየ ፋይል አዘጋጁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስካን ተደርጎ የሚከፈተውም ገጽ ቢሆን በስልክ እንደሚታይ አትርሱ። 80 ሜጋባይት ፋይል በራሱ የዳታ ጥቅል የሚያወርድላችሁ ቀጣሪ አላጋጠመኝም።

መጠኑንስ? «ትንሽ አድርገው፣ ዲዛይኑን እንዳያበላሽ» ይሉኛል። ስንሠራ የምንይዘው ልማድ አለ፤ ኮዱ የሚነበብበት ርቀት ከስፋቱ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። 2 ሳንቲሜትር ኮድ ከ20 ሳንቲሜትር። እጅ ላይ ለሚያዝ ወረቀት ከዚያ አታሳንሱት። አድራሻው ሲረዝም ደግሞ ያም አይበቃም፤ ምክንያቱም ብዙ ጽሑፍ ማለት ብዙ ካሬ ነው፣ ብዙ ካሬ በትንሽ ቦታ ሲታጨቅ ደግሞ እያንዳንዱ ይደቅቃል። ፎቶኮፒ ሲነሳማ ይደፈናል።

ይህን አንድ ፎቶ አንሺ ልጅ አስተምሮኛል። የራሱ ድረ ገጽ አለው፣ ደላላ የለበትም፣ ፈቃዱም ክፍት ነው። ኮዱ ግን እንደ ጤፍ የደቀቀ ሆነና የእኔ ስልክ እንኳ እምቢ አለ። አድራሻውን ስናየው ፋይሉን «የመጨረሻ_ፖርትፎሊዮ» ብሎ በአማርኛ ሰይሞታል። ስሙ 11 ፊደል ነው። ድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል፤ 11ዱ ፊደል 99 ሆኖ ነው ኮዱ ውስጥ የተጠቀጠቀው። በራሳችን ፊደል መጻፉን እወድለታለሁ፤ ርዕሱንም በአማርኛ ይጻፍ፣ ገጹንም። የፋይሉን ስም ብቻ በሁለት የላቲን ፊደል ቀየርንለት። ካሬዎቹ ሰፋ ሰፋ ብለው ወጡ። በዚያው 2 ሳንቲሜትር፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ አነበበ። «ታዲያ ኤክስፓየር አላደረገም ነበር?» አለኝ።