«ልጄ ተጫዋች ስለሆነች ሳይኮሎጂ ትማር»

ደሴ ውስጥ ሳይኮሎጂስት መሆኔን የሰማ ወላጅ፣ ፒያሳ ሻይ ልጠጣ በተቀመጥሁበት ሳይቀር፣ «ልጄ ተጫዋች ናት፤ ከሰው ጋር ወዲያው ትግባባለች፤ ሳይኮሎጂ ብትማር ያዋጣታል አይደል?» ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ ደጋግሞ መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ተጫዋችነት ለቡና ሰዓት መልካም ነው። በምክክር ክፍል የሚፈለገው ግን ዝምታን መታገሥ፣ የራስን ገጠመኝ ዋጥ ማድረግና የተቆጣ ወይም የሚጠራጠር ሰው ፊት ራስን ለመከላከል ሳይቸኩሉ መቀመጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቲሞቲ አንደርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት 25 የምክክር ባለሙያዎች አስቸጋሪ ተገልጋዮችን በቪዲዮ እያዩ የሚሰጡት ምላሽ ተመዘነ። ከእነዚሁ ባለሙያዎች ጋር የተመካከሩት 1,141 ሰዎች ያገኙት ለውጥ ከዚህ ምዘና ጋር ሲዛመድ፣ ባለሙያዎቹ ስለ ተግባቢነታቸው ራሳቸው ከሞሉት መጠይቅ ጋር ግን አልተዛመደም።

እኔም ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዝም አሉ። ዝምታው ስላስጨነቀኝ ስለ ሐዘን፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ አርባ ደቂቃ ያህል አወራሁ። ሲነሡ እጄን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ ደከምሽ» አሉኝ፤ ከዚያም አልተመለሱም። ማን ማንን እንዳጽናና ልብ ይሏል!

«ሳይኮሎጂስት ሰው አይቶ ሐሳቡን ያውቃል» የሚሉም አሉ። ብናውቅ ኖሮ ለምን እንጠይቃለን?

«ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ንገሪን» ብለው የሚመጡ ባልና ሚስትም አይጠፉም። የወሎ አባጋሮች ግራ ቀኙን ሰምተው ያስታርቃሉ፤ የተከበረ ሥራ ነው፤ የእኔ ግን አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቼ ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው፤ የምክክር ዘዴውን ላወቀ ሰው ከተገልጋዩ ጋር ያለው ግንኙነት ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ295 ጥናቶች ማጠቃለያ በባለሙያና በተገልጋይ ትብብር እና በምክክሩ ውጤት መካከል ወደ 0.28 የሚጠጋ ዝምድና አግኝቷል (0 ማለት ምንም አይዛመዱም፣ 1 ማለት ፍጹም ይዛመዳሉ ነው)፤ ልከኛ ነው፣ ነገር ግን ዘዴው ቢለያይም አይጠፋም። ትብብር ሲባልም መዋደድ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስቀመጠው በግቡና በሚሠራው ሥራ ላይ መስማማትንም ይጨምራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ እንግዳ ስታጫውት ሳይሆን ጓደኛዋ ስታለቅስ ይመልከቷት፤ ቶሎ «በቃ፣ አታልቅሺ» ትላለች ወይስ አጠገቧ ትቀመጣለች? የመጀመሪያውን ብታደርግም ተስፋ አይቁረጡ፤ ይህ ክህሎት የራስን ሥራ ከአንጋፋ ባለሙያ ጋር እያዩ በመታረም ይገኛል። እኔ ዛሬም በተገልጋይ ፈቃድ የቀዳሁትን ድምፅ ስሰማ አስቀድሜ የምቆጥረው ራሴ የተናገርሁበትን ጊዜ ነው። ባለፈው ሳምንት ከ50ው ደቂቃ 19ኙን የወሰድሁት እኔ ነበርሁ።