ፍሉ ሾት መወጋት ያለበት ማን ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መስከረም ሲጠባ ፋርማሲው ሁሉ «ፍሉ ሾት» (የፍሉ ክትባት) የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ እኛ ቤት ደግሞ ክርክር ይጀመራል። እማዬ «ለጉንፋን ብዬ መርፌ? ዳማከሴ እያለ!» ትላለች።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። በአማርኛ ሁሉንም ጉንፋን እንለዋለን። ክትባቱ ግን የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን (ፍሉን) ነው፤ ያንን በድንገት ትኩሳት ለቆ፣ አጥንት ቆርጥሞ አልጋ ላይ የሚጥለውን። ስለዚህ ከተወጋችሁ በኋላ አፍንጫችሁ ቢንጠባጠብ «አልሠራም» አያሰኝም። መርፌው ራሱ ፍሉ አያሲዝም፣ ሰውነት መከላከያውን እስኪገነባ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ማን ይወጋ? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2010 እ.ኤ.አ. ምክሩን ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ አስፍቶታል። የልጆቹን ነገር ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት። አዋቂ ከሆናችሁ በየዓመቱ ነው፣ ምክንያቱም ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል፣ የአምናው መከላከያም ይዳከማል።

በተለይ ችላ የማይባሉት ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ 65 ዓመት የሞላቸው እና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን መከተብ ስለማይችል፣ እናቱ በእርግዝናዋ ስትወጋ መከላከያው ለእሱም ይተርፋል። «ክትባቱ በእንቁላል ይሠራል፣ እንቁላል ደግሞ አይስማማኝም» የሚለውም ዛሬ ላለመወጋት ምክንያት አይሆንም።

ለ65 እና ከዚያ በላይ ጠንከር ያለ ክትባት አለ፣ ጠይቁ። እማዬ የልደት ቀኗን ስትናገር ፋርማሲስቱ ያመጣላት እሱን ነው። ክንዷን እያሻሸች ወጣች፣ ማታም ዳማከሴዋን አልተወችም።