ወሎ፦ ስሙ፣ ድንበሩና ወሎዬነት

በዛሬው የኢትዮጵያ አስተዳደር ውስጥ «ወሎ» ተብሎ ብቻውን የሚጠራ ክልልም ዞንም የለም። በአማራ ክልል ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ፤ ይሁንና «ወሎዬ ነኝ» የሚል ሰው ከሰቆጣም፣ ከባቲም፣ ከከሚሴም፣ ከአላማጣም ይመጣል። ለዚህ ነው «ወሎ የት ጀምሮ የት ያልቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት የየትኛው ዘመን ወሎ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው። አራት ወሎዎች አሉ፦ የጎሳ ስም የነበረው ወሎ፣ የባላባት ቤቶች ያስተዳደሩት ወሎ፣ ከ1934 ዓ.ም. በኋላ የተሠራው ጠቅላይ ግዛት፣ እና የዛሬዎቹ ዞኖች። አንዱ ሲመጣ ሌላው አልጠፋም። አራቱም በሰው አፍ ላይ እኩል ስለሚኖሩ ነው ክርክሩ የማያልቀው።

ስሙ ከየት መጣ

ወሎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደጋው የወጣና የሰፈረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከዚያ በፊት አገሩ በአንድ ስም አይጠራም ነበር። ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ ያለው ደጋ ቤተ አምሐራ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው አንጎት፣ ከዚያ ወዲያ ላስታና ዋግ ይባሉ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስና የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው አምባ ግሸን የዚህ የቀደመው ዘመን ምስክሮች ናቸው። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነትና የኦሮሞ ሰፈራ ተከታትለው ከመጡ በኋላ አሮጌው ስም በአብዛኛው ቦታ ተረሳ። በደቡብ ምዕራቡ ጥግ ግን አምሐራ ሳይንት በሚለው መጠሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆይቷል።

አዲሶቹ ስሞች አሠራራቸው ግልጽ ነው። «ወረ» በኦሮምኛ የአንድ ሰው ወገን፣ ቤተሰብ ማለት ሲሆን፣ ወረ ሂማኖ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የጎሳ፣ በመጨረሻ የመሬት ስም ሆኑ። «ለገ» ደግሞ ወንዝ ነው፤ ለጋምቦና ለገሂዳ የሚሉት የወረዳ ስሞች በዚህ ቃል ይጀምራሉ። «ሰባት ቤት ወሎ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የጎሳ ዘመን የመጣ ነው። ሰባቱን ቤቶች የሚቆጥር ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ዝርዝር አይሰጥም፤ ስለዚህ አነጋገሩ የወገን ትውስታ እንጂ የድንበር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚሰናከልበት አንድ ስም አለ፦ ቦረና። የወሎ ቦረና ከአባይ አፋፍ ላይ መካነ ሰላምን ማዕከል አድርጎ የተቀመጠ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ኬንያ ድንበር ላይ ካለው ቦረና ጋር ስሙን እንጂ መሬቱን አይጋራም። በጽሑፍ ሲጠቀስ «የወሎ ቦረና» ወይም «ቦረና ሳይንት» ማለት ስሕተቱን ይዘጋዋል። ወረኢሉንና ወረ ሂማኖንም እንደ አንድ ቦታ የሚያይ አለ፤ የመጀመሪያው በሸዋ በኩል፣ ሁለተኛው በመቅደላና በተንታ በኩል ነው።

የባላባቶች ወሎ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚባለው ወሎ ከዛሬው ያነሰ ነበር። በዚያ ዘመን ጽሑፎች ወሎ፣ የጁ፣ ላስታ፣ ዋግ ጎን ለጎን እንደ ልዩ ልዩ አገሮች ይጠቀሳሉ። የጁ የራሱ ቤት ነበረው፤ የወረ ሼህ ራሶች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ የጎንደርን ዙፋን በእጃቸው ይዘው አገር ገዝተዋል። ዋግ የዋግሹሞች ነበር። በወሎ በራሱ ደግሞ የወረ ሂማኖ ኢማሞች ነበሩ፤ መስተዋትና ወርቂቱ የተባሉት ሁለት ሴቶች የዚህ ቤት ስልጣን ተቀናቃኞች ሆነው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገር መርተዋል። ቴዎድሮስ መቅደላን ምሽጋቸው ያደረጉት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉትም በዚሁ ምድር ነው።

ስሙ እንዲሰፋ ያደረገው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ደሴን መቀመጫቸው አድርገው አስፋፏት፤ አይጠየፍ የሚባለው የግብር አዳራሽ ዛሬም በከተማዋ ይታያል። በ1906 ዓ.ም. ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብሎ አነገሣቸው። ንግሡ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር አልዘለቀም፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ደሴ ግን ዋና ከተማነቷን አላጣችም፤ በዙሪያዋ ያሉት የጁ፣ ቃሉ፣ አምባሰልና ሌሎችም እየቆዩ «ወሎ» በሚለው አንድ ስም ሥር ገቡ።

በደቡብ በኩል ወረኢሉ የወሎና የሸዋ መገናኛ ነበረች። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው ከቶ እንዲጠብቃቸው የቀጠሩት ወረኢሉ ነው። የቀጠሮው ቦታ የሸዋ ጦር ወደ ሰሜን የሚወጣበትን በር ያሳያል።

አሥራ ሁለቱ አውራጃዎች

ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት ሲከፍል ወሎ አንዱ ሆነ። በአዛውንቶች አእምሮ «ወሎ» ሲባል የሚታየው ካርታ ይህ ነው። አውራጃዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ፦ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ አምባሰል፣ የጁ፣ ራያና ቆቦ፣ ላስታ፣ ዋግ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ወረ ሂማኖ፣ ቦረና፣ ወረኢሉ እና አውሳ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አውሳ በዛሬው የአፋር ክልል አሳይታ ያለችበት ምድር ስለሆነ፣ ያ ወሎ ከአባይ ሸለቆ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ይዘረጋ ነበር።

የዚህን ካርታ ጠርዝ በዓይን መከታተል ይቻላል። በምዕራብ ደቡብ አባይ ከጎጃም ይለየዋል። በደቡብ የወንጪት ገደል ወረኢሉንና ጃማን ከመንዝና ከመርሐቤቴ ይቆርጣል። በሰሜን ምዕራብ ተከዜ ዋግን ከጎንደር ወገን ያዋስናል፤ በመካከል ከጋይንት ወደ መቄት ሲወጣ ያለው የጨጨሆ በር የሁለት አገር ደጅ ተብሎ ይታወቃል። በሽሎን ድንበር የሚያደርጉ አሉ፤ በሽሎ ግን በአብዛኛው የውስጥ ወንዝ ነው። ደላንታንና ዳውንትን ከመቅደላና ከተንታ ይከፍላል፤ ወሎን ከጎንደር ወገን የሚለየው ወደ አባይ ሲቃረብ ብቻ ነው።

ወንዝ ባለበት ድንበሩ የጸና ነው። ችግሩ ሁሌም የተነሣው ወንዝ በሌለበት፣ በሰሜንና በምሥራቅ ነው። የራያ ሜዳ ከቆቦ እስከ መሆኒ ያለ ገደል የተዘረጋ ነው፤ በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን እንኳ ቆቦና አላማጣ ወደ ወሎ፣ መሆኒ ወደ ትግራይ ተከፍለው ነበር። በምሥራቅ ያለው ቆላ ደግሞ የአርብቶ አደር ምድር ነው። ከብት ዝናብና ሣር ተከትሎ ስለሚሄድ የሰው አሰፋፈር በበጋና በክረምት አንድ አይሆንም፤ በዚያ ላይ በወረቀት የተሰመረ መስመር ሁሌም ለግጭት ቅርብ ነው።

ክፍፍሉ

በ1980 ዓ.ም. የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ አዲስ አከፋፈል ወሎን ሰሜንና ደቡብ ብሎ ለሁለት ከፈለው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሽግግሩ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 7/1984 እና በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ብሔርንና ቋንቋን መሠረት ያደረገው ይህ አከፋፈል የጠቅላይ ግዛቱን ምድር ለሦስት ክልል አካፈለ። አውሳ ወደ አፋር ሄደ። አላማጣ፣ ኮረምና የአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ወደ ትግራይ ሄዱ። የቀረው በአማራ ክልል ውስጥ በአራት ተመደበ፦ ደሴን ማዕከል ያደረገ ደቡብ ወሎ፣ ወልድያን ያደረገ ሰሜን ወሎ፣ ሰቆጣን ያደረገ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከሚሴን ያደረገ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ከወሎ የተቆረጠ አይደለም፤ ባቲ ከቃሉ አውራጃ ሲመጣ፣ ጅሌ ጥሙጋ ከሸዋው ይፋትና ጥሙጋ የመጣ ነው።

የአላማጣና የኮረም ጉዳይ ዛሬም ትኩስ ነው። በአማራ በኩል በኃይል የተወሰደ የወሎ መሬት ነው ይባላል፤ በትግራይ በኩል በሕገ መንግሥቱ የጸና የክልሉ አካል ነው ይባላል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። የራያን ሰው ግን ሁለቱም ወገን ሳይጠይቀው «ያንተ እንዲህ ነው» ሲለው ማየት ያሳዝናል። ራያ የራሱ የሽምግልና ወግ፣ የራሱ አለባበስ፣ ከአማርኛም ከትግርኛም ከኦሮምኛም የቀዳ አነጋገር ያለው ሕዝብ ነው።

ይህ መቆራረጥ በቁጥር ላይ ምን እንደሚያመጣ የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ያሳያል። ደቡብ ወሎ 2,518,862፣ ሰሜን ወሎ 1,500,303፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን 457,278፣ ዋግ ኽምራ 426,213 ሰው ተቆጥሮባቸዋል። ሁለቱን የወሎ ዞኖች ብቻ የደመረ 4,019,165 ያገኛል፤ አራቱን የደመረ 4,902,656። ሁለተኛውም ቢሆን የድሮው ወሎ አይደለም፦ አውሳ፣ አላማጣና ኮረም ይጎድሉበታል፣ የሸዋው ጥሙጋ ይበዛበታል። የ1976ቱን የክፍለ ሀገር ቆጠራ ከ1999ኙ የዞን ቁጥር ጋር አስተያይቶ «የወሎ ሕዝብ እንዲህ አደገ» ማለት ስለዚህ ከንቱ ነው። ወረዳ በወረዳ ካልተመሳከረ ንጽጽር የለም።

ወሎዬነት

ድንበሩ እንዲህ እየተለዋወጠ ሰውን ወሎዬ ያሰኘው ምንድን ነው? መጀመሪያ የሚጠቀሰው የሃይማኖት አኗኗሩ ነው፤ በትክክልም ነው። በ1999ኙ ቆጠራ በደቡብ ወሎ 70.9 በመቶው ሙስሊም ሲሆን በሰሜን ወሎ 82.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ይገኛል፤ አባቱ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን የሆነ፣ ስሙና የአባቱ ስም ሁለት መጽሐፍ የሚያስታውስ ሰው በወሎ ብርቅ አይደለም። በሠርግና በለቅሶ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። የመረዳጃ ማኅበሩ ሌላው አገር ዕድር የሚለው እዚህ «ቅሬ» ነው፤ ሬሳ ሲወጣ የቅሬ አባል ሃይማኖት ሳይለይ ይወጣል። ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት አበጋሮች ናቸው።

እንደ ጃማ ንጉሥ፣ ዳናና ሾንኬ ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማን አሳድገዋል። በግሸን ማርያም ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 የክርስቲያኑ አገር ሁሉ ይሰበሰባል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። የባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ አፋር፣ ኦሮሞና አማራ ግመሉን፣ ከብቱን፣ እህሉን ይዞ የሚገናኝበት ነው፤ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ስለሚተያዩ ከእንዲህ ያለ ገበያ ውጭ መኖር አይቻልም።

ውስጣዊ ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ለምለም ታጥቀው የሚጨፍሩበት በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ካርታ ሳያይ የት እንዳለ ያውቃል። ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ሙስሊሙ በሚበዛበት አገር፣ ይህ ምልክት አይሠራም።

ከደስታው ሌላ መከራም ወሎዬነትን ቀርጿል። ደላንታ፣ ዋድላ፣ መቄት፣ ተንታና ለጋምቦን የመሰለው ደጋ በበልግ ዝናብ ላይ ይደገፋል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ከቀረ ገብሱ ይቀራል፣ የክረምቱ እህል እስኪደርስም ጎተራው ባዶ ነው። የ1965 እና የ1977ቱ ረሀብ ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ፣ በሠፈራ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል አደረሰው። እዚያ የተወለዱ ልጆች ደሴን ሳያዩ ወሎዬ ይባላሉ። የ1977ቱ ሰነዶች «ወሎ፣ ኮረም» ሲሉ የኋለኞቹ «ደቡብ ትግራይ፣ ኮረም» ይላሉ፤ ቦታው ያው ነው።

አንድን ቦታ ለማስቀመጥ

በመዝገብ፣ በታሪክ ጽሑፍ ወይም በዘር ሐረግ ውስጥ «ወሎ» የሚል ቃል ሲገኝ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ ይታያል፤ የአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀነስለታል። ከ1934 በፊት ከሆነ ላስታን፣ ዋግንና የጁን ያካትታል ብሎ መገመት አይገባም። ከ1934 እስከ 1980 ከሆነ አውራጃው ይፈለጋል፤ አውራጃው ከተገኘ የዛሬው ወረዳ አይጠፋም። ከ1984 በኋላ ከሆነ ዞኑ ካልተጻፈ ማስረጃው ጎዶሎ ነው። የቀበሌ ስም ብቻ ይዞ መፈለግ ደግሞ አይመከርም፤ ቀበሌዎች ብዙ ጊዜ እየተጣመሩ በቁጥር ስለተጠሩ፣ አሮጌው ስም የሚገኘው ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ካልሆነም ከገበያው ስም ነው።